ከምግብ በኋላ

ቄስ እንዳላማው ከመስከረም ወዲህ መቅደስ አልገቡም። ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ ማለት አይደለም፤ ማኅሌቱ ላይ መቋሚያቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው ይገኛሉ፣ ድምፃቸውም የድሮው ነው። የቅዳሴ ተራቸው ሲደርስ ግን ወይ ወገባቸው ይነሣል፣ ወይ ሩቅ አገር ለቅሶ ይኖርባቸዋል፣ ወይ ተራቸውን ለሌላ ካህን ሰጥተው ውጭ ይቆማሉ። የወይራምባ ሰው ደግሞ ቄስ ቅዳሴ ሲሸሽ ምን ማለት እንደሆነ ሐኪም አይጠይቅም። ቄስ በአንዲት ሚስት ይጸናል፤ ሌላ ሴት የነካ እንደሆነ ክህነቱ ፈረሰ፤ ክህነቱ ፈርሶ መቅደስ የገባ ይቀሠፋል። እንግዲህ የሚሸሽ ቄስ የሚሸሸው ቅሥፈቱን ነው። አገሩ ያልተስማማው በሴትየዋ ማንነት ብቻ ነበር። ገሚሱ የይጁቤ ጠላ ሻጭ ናት አለ፤ ገሚሱ ባሏ የሞተባት የጉንደ ወይን እህል ነጋዴ ናት አለ። የቄሱ ሚስት ሥራነሽ ውኃ ስትወርድ አንደኛዋን፣ ስትመለስ ሁለተኛዋን ሰማች።

የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ሥራነሽ ባሏን እንደ በሬ ከፊት አስቀድማ ጤና ጣቢያው ድረስ ነድታ አመጣቻቸው።

የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ሔዋን ደርቤ ትባላለች። ገና ሠላሳ አልሞላትም፤ ምላሷ ግን ከዕድሜዋ ይቀድማል። ስትመረቅ የተማረችው አልበቃ ብሏት ስልኳ ላይ የእንግሊዝኛ የሕክምና መጻሕፍት ጭና ብቻዋን ታነባለች፤ ማንበቧን ደግሞ ሰው እንዲያውቅላት ትፈልጋለች። ሁለቱን አይታ፣

«ማናችሁ በሽተኛው?» አለች።

«በሽተኛው እሳቸው ናቸው፤ የምታመመው እኔ ነኝ» አለች ሥራነሽ። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይኸው። ይኼን ነው እንደ ቆሎ የሚቅሙት።»

«ሥራነሽ!» አሉ ቄሱ።

«ምን ሥራነሽ ሥራነሽ ይሉኛል? ሐሰት ነው?»

ሐሰት አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ሲያስጠግኑ ቄስ እንዳላማው ከመሰላል ወድቀው ወገባቸውን ተመትተው ነበር። ገበያ ላይ አንድ መድኃኒት ሻጭ ትራማዶል ሰጣቸው፤ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ የሆነች ፍሬ። ሕመሙ በእጅ እንዳነሡት ተነሣላቸው። ወገባቸው ከከረመ በኋላ ዳነ፤ ኪኒኗ ግን አልለቀቀቻቸውም። በቀን አንድ የነበረችው ሁለት ሆነች፣ ኋላም ቁጥሯ ጠፋ። የዘገየች እንደሆነ ያዛጋቸዋል፣ አፍንጫቸው ይፈስሳል፣ ቆዳቸው እንደ ተነጨ ዶሮ ይቆማል፣ ሆዳቸው ይፈታል። ቀዳሽ ካህን ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ቅዳሴው እስኪፈጸም ውኃ እንኳ በአፉ አያዞርም። ነገሩ ይኸው ነበር፦ ኪኒኗን ከዋጡ መቀደስ የለም፤ ካልዋጡ ደግሞ መቆም የለም።

«መስከረም ላይ ሞክሬው ነበር» አሉ ቄሱ፣ ወለሉን እያዩ። «ጻሕሉን የያዘ እጄ ተንቀጠቀጠ። ለረዳቱ ካህን ሰጥቼ ወጣሁ። ሥጋው የሚፈተትበት እጅ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለነፍስ አባትዎ ለምን አልነገሩም?»

«ምን ብዬ? ኪኒን አሸነፈኝ ብዬ? ዝሙት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሱስ ቀኖና አለው።»

ሥራነሽ ወደ ግድግዳው ዞራ አንድ ነገር አጉተመተመች። ሔዋን አልሰማኋትም ብላ አለፈችው።

«ፋሲካ ተራዬ ነው» አሉ ቄሱ። «ለፋሲካ ካልገባሁ አለቃው ጉባኤ ፊት ያቆሙኛል። ከዚያ ወዲያ ክህነትም የለኝ፣ ስምም የለኝ፣ ሚስትም ብትሆን…» ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ አዛጉ። ደግመው አዛጉ። «ትናንት ከመቅደሱ ደጅ ቆሜ ራሴን በግዝት አስሬያለሁ። ከዚህ በኋላ ይህቺን ኪኒን በአፌ አላስገባም። ሌላ መድኃኒት ካለሽ ስጪኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሔዋንና የመድኃኒት ክፍሉ አድማሴ በዚሁ ተጣሉ። አድማሴ የብቸና ልጅ ነው፤ በዕድሜ ይበልጣታል፣ በትምህርት ትበልጠዋለች፣ ሁለቱም ይህንን አንድ ቀን ረስተው አያውቁም። መጽሐፉ ለእንዲህ ያለ ሕመም በመጀመሪያ የሚያነሣቸው መድኃኒቶች ሌላ አገር ያሉ ናቸው፤ በገጠር ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ስማቸውም አይታወቅ። የቀሩት ሁለት መንገዶች ነበሩ።

«ያቺኑ ትራማዶል ቀስ እያልን እንቀንስላቸው» አለ አድማሴ። «ሰውነታቸው ሳያውቀው ይወርዳሉ።»

«ግዝት አለባቸው አልኩህ እኮ።»

«ግዝት ይፈታል።»

«እሳትን በማገዶ አጥፊ ነው የምትለኝ?»

«አንቺ ደግሞ እሳቱን ትተሽ ጭሱን ልታራግቢ ነው። ይኼ የመረጥሽው ክሎኒዲን ላቡን ያደርቃል፣ ብርድ ብርዱን ያስታግሣል፤ አምሮቱን አይነካውም። የደም ግፊትም ይጥላል።»

«ግፊታቸውን ለክቻለሁ። ደህና ነው።»

«ዛሬ።»

ይህቺ «ዛሬ» አልጣመቻትም። ክሎኒዲኑን ለመምረጥ ሦስት ምክንያት ነበራት። አንደኛ፣ ግዝቱን አይነካም። ሁለተኛ፣ በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ ቄሱ ከሆሳዕና ብዙ ቀድመው ነጻ ይወጣሉ። ሦስተኛውን ለአድማሴ አልነገረችውም፤ ሌላኛውን መንገድ ያመጣው እሱ መሆኑ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላለች ጓደኛዋ ደውላ መድኃኒቱን በሚኒባስ አስላከች። ሲደርስ ጾሙ ገብቶ ነበር። ቄሱን አስቀምጣ ጠየቀቻቸው፦ ልብዎን ያምዎታል ወይ፣ ስኳር አለብዎት ወይ፣ እናትዎ በምን ሞቱ፣ አባትዎስ፣ ሲነሡ ያዞርዎታል ወይ። እንዲህ አጣርታ የምትጠይቅ ሐኪም በአውራጃው የለችም፤ ይህንንም ታውቀዋለች። አንዲት ነገር ብቻ ሳትጠይቅ ቀረች። እሷም ጿሚ ናት፤ በዚያች ሰዓት ከማታ ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰችም፣ ምራቋ ደርቆ ነበር። እንዲያም ሆኖ ማዘዣው ላይ እንደ ወትሮው ጻፈች። አድማሴም በመስኮቱ እንደ ወትሮው አነበበላቸው፦

«በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ።»

«እሺ፣ ልጄ» ብለው ሄዱ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉ ነበሩ፤ ግን የተጠበቀ ክፋት ነው። ሥራነሽ እየመጣች ታወራለች፦ ሆዳቸው አልያዝ አለ፣ ይበርዳቸዋል ይሞቃቸዋል፣ ልጆቹን ይቆጣሉ። «ማታ ማታ ግን እንደ ድንጋይ ዝም ይላሉ» አለች አንድ ቀን። ሔዋን ይህንን በጎ ምልክት አድርጋ ወሰደችው።

ሐሙስ ለት የሠርክ ምሕላ ላይ፣ ሕዝቡ አብሮ ወድቆ አብሮ ሲነሣ፣ ቄስ እንዳላማው ወድቀው አልተነሡም። ግንባራቸው ከደጁ ድንጋይ ጋር ተጋጨ። አንዲት ሴት እሪ አለች። ቃሬዛው ከቅጽሩ ሳይወጣ አገሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር፦ ታቦቱ ጣላቸው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የደም ግፊታቸው በመሣሪያው እምብዛም አይሰማም። ሔዋን እግራቸውን ከፍ አድርጋ ጉሉኮስ ሰካች፤ የግንባራቸውን ቁስል አጥባ ሰፋች። ቄሱ ዐይናቸውን ሲገልጡ ጠየቀች፦

«አባ፣ ኪኒኑን እንዴት ነበር የሚወስዱት?»

«እንዳላችሁኝ ነዋ።»

«እንዴት ነበር ያልንዎት?»

«ከምግብ በኋላ፣ ሦስት።»

«ሦስት ጊዜ ነው እኮ ያልንዎት!»

«ልጄ፣ በጾም ቀን ሦስት ጊዜ የሚበላ ማን አለ?» ድምፃቸው ደክሟል፣ ግን ተገርመዋል። «ቅዳሴ ሲወጣ አንድ ጊዜ እበላለሁ፤ ከበላሁ በኋላ ሦስቱን እውጣለሁ። ምን ላድርግ፣ ለኪኒን ብዬ ጾም ልግደፍ?»

አድማሴ የጉሉኮሱን ከረጢት አየት አደረገ፤ ከረጢቱ ምንም አልሆነም።

«ምነው ዝም አልክ? ተናገር እንጂ» አለችው ሔዋን፣ ከክፍሉ ሲወጡ።

«ምን ልናገር? አንቺ ጻፍሽው፣ እኔ አነበብኩት። ሁለታችንም ሆዳችን ባዶ ነበር።»

በማግሥቱ ሥራነሽ ወሬውን ሁሉ ይዛ መጣች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አለቃ ወልደ ሰንበት ካህናቱን ደጀ ሰላም ሊሰበስቡ ነው። ታቦት የጣለውን ቄስ ጉዳይ ያያሉ፤ አይተውም ለወረዳው ቤተ ክህነት ይጽፋሉ። ፋሲካ መጠበቅ ቀርቷል።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች ሔዋን። «የጣላቸው ታቦቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው።»

«መድኃኒቱ የምን ነው ሲሉሽ ምን ልትይ ነው?» አሉ ቄሱ ከአልጋው።

ይህንን አስባበታለች። ያለ እሳቸው ፈቃድ የሕመማቸውን ስም ማውጣት አትችልም፤ ስሙን ሳታወጣ ደግሞ ከሐሜቱ አታወጣቸውም። ዝም ካለች ስህተቷ ተደብቆ ይቀራል፤ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ኪኒን ቃሚው ቄስ ከምባል…» ብለው ጀመሩ።

ሥራነሽ እስከዚያች ሰዓት ባሏን በሰው ፊት አንተ ብላ አታውቅም። «ስማ አንተ ሰውዬ!» አለች። «ከሴሰኛ ባል ኪኒን የሚቅም ባል ይሻለኛል! ቃሚው በለኝና ልኑርበት!»

ቄስ እንዳላማው ወደ ሔዋን ዞሩ። «አንቺ ያጠፋሽውን አንቺ ተናገሪ። የእኔን ግን እንዳትነኪብኝ፤ የእኔን እኔ እናገራለሁ።»

እሑድ ካህናቱ ደጀ ሰላም ተደርድረው ሽምብራ ቆሎና ዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል። ቄስ እንዳላማው ግንባራቸው እንደ ታሸገ ጥግ ላይ ናቸው። ሔዋን ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች።

«ቄስ እንዳላማውን የጣላቸው ታቦቱ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ።»

አለቃ ወልደ ሰንበት ቆሎውን ከእጃቸው አራገፉ። «አንቺ ከታቦት ትበልጫለሽ?»

«በአንድ ነገር እበልጣለሁ፣ አባ። ታቦት አይሳሳትም፤ እኔ እሳሳታለሁ።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ አለቃው ግን አልሳቁም። «ቀጥዪ።»

ቀጠለች። በጾም አንድ ጊዜ ለሚበላ ሰው ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ብላ ማዘዟን፣ እሳቸውም ታዝዘው ሦስቱን አንድ ላይ መዋጣቸውን፣ ባልጠጣና በሚሰግድ ሰው ላይ ያ መድኃኒት ግፊት እንደሚጥል፣ ሁሉንም ሳታሳጥር ተናገረች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ይቅርታም ለመለመን አልመጣችም።

«መድኃኒቱስ የምን ነበር?» አሉ አለቃው።

ሔዋን ወደ ጥጉ ዞራ አየች። ቄስ እንዳላማው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከመሰላሉ ጀምረው እስከ ጻሕሉ ድረስ ነገሩን ዘረዘሩት፤ ግዝቱንም ጨመሩ። ሲጨርሱ ላብ በላብ ሆነው ነበር። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣

«ያቺ ኪኒን… ግማሿ ቢጫ፣ ግማሿ አረንጓዴ የሆነችው ናት?» አሉ።

«ናት» አለች ሔዋን።

«እንዲያው ነው የጠየቅሁ» አሉ መሪጌታው፣ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰድደው እንደገና እያወጡ።

አለቃው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «እንግዲህ በምን ይድናል? ያለውን ሕክምና አስረጂን» አሏት።

«ሁለት መንገድ አለ፤ አንደኛው ፈጣን ነው። ለበላ፣ ውኃ ለጠጣ፣ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው መልካም ነው። ለጿሚና ለሰጋጅ ግን ያው ያያችሁት ነው። ሁለተኛው እሳቸው የገዘቱት ያው ኪኒን ነው፤ በየሳምንቱ እየተቀነሰ ይሄዳል። አዝጋሚ ነው፣ ከፋሲካ ያልፋል፤ ነገር ግን ቆመው ይውሉበታል። ጠዋትም መዋጥ ይኖርባቸዋል።»

ካህናቱ ሥራ አገኙ። አንዱ፣ እንግዲያስ ፈጣኑ ለወታደር ነው፣ አዝጋሚው ለገበሬ ነው አለ። ሌላው፣ የለም፣ ፈጣኑ ለፍስክ፣ አዝጋሚው ለጾም ነው ብሎ አቃናው። ሦስተኛው፣ መርዙን በመርዙ ማውጣት ምን ያለ ሕክምና ነው፣ ቢል፣ ደረጃ በደረጃ ከወጣበት ዛፍ ዘሎ የሚወርደው ዝንጀሮ ብቻ ነው፣ ሰው በወጣበት ይወርዳል ብሎ አራተኛው መለሰለት። ትርጓሜ ቤት ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ነገር ከቀረበላቸው ሳያከራክሩት አይለቁትም። ሔዋን ከአድማሴ ጋር ካደረገችው ክርክር ይኼኛው እንደሚሻል ታዘበች።

«አንቺስ የቱን ትመርጫለሽ?» አሉ አለቃው።

«ለእሳቸው ሁለተኛውን። መጀመሪያም እሱን መምረጥ ነበረብኝ።» ቀጥሎ ያለውን ለማውጣት ካለፈው ሁሉ በላይ ከበዳት። «አድማሴ ብሎኝ ነበር።»

አለቃ ወልደ ሰንበት ፈረዱ። ግዝቱን አለቃው ራሳቸው ይፈቱታል። ኪኒን ምግብ አይደለም፤ ጠዋት በጥርኝ ውኃ ይዋጥ። ነገር ግን የመጨረሻዋ ፍሬ ከሆዱ ሳትወጣ መቅደስ አይገባም፤ ፋሲካን ውጭ ይቁም። ለወረዳ የሚጻፍ ነገር የለም።

እንዲህ ሆነና ወደ አዝጋሚው መንገድ ተመለሱ። አድማሴ ማሸጊያው ላይ በራሱ እጅ ጻፈ፦ ዶሮ ሲጮኽ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሲተኙ። በየሳምንቱ ከቁጥሩ ላይ ይነሣል። በሰሙነ ሕማማት ስግደቱ በረታና ሰውነታቸውን አደቀቀው፤ ሔዋን የዚያን ሳምንት ቅነሳ ዘለለችው፤ አድማሴ ተከራከረ፣ ተሸነፈ፣ አኮረፈ። ፋሲካን ቄስ እንዳላማው ከወንዶቹ መካከል ቆመው አስቀደሱ። በተራቸው ሌላ ካህን ገባ።

ሐሜቱስ ቆመ ወይ የሚል ካለ፣ ወይራምባን አያውቅም። ደጀ ሰላም ውስጥ የተባለው ወጥቶ በየቤቱ ገባ፤ ግማሹ ሰው አመነ። ግማሹ ደግሞ አንዲት ወጣት ሴት ለአንድ ቄስ ብላ ካህናት ፊት የምትቆመው በጤናዋ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ከይጁቤዋና ከጉንደ ወይኗ ጎን ሦስተኛ ተጨመረች። ሥራነሽ ይህንን ገበያ መሀል ስትሰማ የያዘችውን ቅል እስክትጥል ሳቀች። «እሷን?» አለች። «እሷ የገዛ ጥላዋን የምታርም ልጅ ናት፤ እሳቸውን አንድ ቀን በሰላም የምታስቀምጣቸው መሰላችሁ?» ሔዋን ነገሩ ሲደርሳት አልሳቀችም፤ ግን ሥራነሽን ስታይ ወንበር ትስብላት ጀመር።

ግንቦት ሲጋመስ የመጨረሻዋ ፍሬ አለቀች። ቄሱ ሁለት ሳምንት አዛጉ፣ እንቅልፍ አጡ፣ ከዚያ ሰውነታቸው ሰከነ። አለቃው ተራ ሰጧቸው፦ የሰኔ ሚካኤል።

ሔዋን ለዚያ ቀን ነጠላዋን አሳጥባ ነበር። ሲነጋ ግን አልሄደችም። ከሄደች ሰው ሁሉ እሳቸውን ትቶ እሷን ያያል፤ ሐኪሟ እንዳይወድቁ ልትጠብቅ መጣች ይላል። የሄደችው ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ አንዲት ወላድ መጥታ ነበር፣ እስከ እኩለ ቀን ከእሷ ጋር ዋለች።

ሥራነሽ በማግሥቱ መጣች። በሩ ላይ ያሉትን ወረፋ ጠባቂዎች በእጇ ገለል ገለል እያደረገች ገብታ ተቀመጠች።

«ገቡ?» አለች ሔዋን።

«ገቡ።»

«ቆሙ?»

«እንኳን ሊወድቁ! ከመስከረም ጀምሮ ያጠራቀሙትን ዜማ ሁሉ እኛው ላይ አወረዱት እንጂ። አሮጊቶቹ እግራቸው ዝሎ ቁጭ አሉ። የወደቀው ሰው ቆሞ፣ የቆመው ሰው ተቀመጠ።»

«እጃቸውስ?»

ሥራነሽ የራሷን እጅ ዘርግታ አየችው። «ሥጋውን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ቀና ብዬ እጃቸውን ነው ያየሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዝም ያለ እጅ ነው።»

ሔዋን ራሷን ነቀነቀች። የቄሱን የሕክምና ካርድ አንሥታ አስቀመጠችው።

«ማታ ገብተው በሉና ተኙ» አለች ሥራነሽ። «እንዲያው ጸጥ ብለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲገላበጡ፣ ሲራገጡ ነው የማውቃቸው፤ ጸጥታውን አላውቀው አልኩ። ይተነፍሳሉ አይተነፍሱም እያልኩ እኔ ነኝ ያልተኛሁት።»

«ይለምዱታል።»

«እሱማ ይለመዳል» ብላ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ በሩን ከፈተች፤ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሁሉ አዩዋት። ትንሽ ቆም ብላ ከሔዋን ክፍል መውጣቷን አሳየቻቸውና ሄደች።